እሜቴን የሠራት ሰው

እሜቴን የሠራት ጋሽ ለገሰ ነው። አሁን የቆመችበት ሆቴል በር ላይ የነበረው የናስ ሰሌዳ ግን የሌላ ሰው ስም ይዞ ነበር። ያ ውሸት ነው። ይህን ከሁሉ በፊት የምጽፈው የሚያነብ ሰው ሰልችቶት ቢተወው እንኳ ይህችን ያህል ይዞ እንዲሄድ ብዬ ነው።

እሜቴ መኪና ናት። በጃንሆይ ዘመን ከአሜሪካ የመጣች የሀብታም መኪና። ቀለሟ እንደ እርጎ ነጭ፣ ከኋላዋ እንደ ዓሣ ክንፍ ሽቅብ የወጡ ሁለት ጫፎች ያሏት፣ ርዝመቷ የእኔን ቤት ከነበረንዳው የሚያህል። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ከግቢ ወጥታ ቀስ እያለች ስትሄድ ባጃጆቹ ዳር ይዘው ያሳልፏት ነበርና አንድ ቀን አንዱ ባለባጃጅ «እሜቴ መጡ፣ መንገድ ልቀቁ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም የጠራት የለም።

ጋሽ ለገሰ ጎረቤቴ ነበር። አዳማ ውስጥ በአንድ ቆርቆሮ አጥር ተለያይተን ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረናል። እሱ ሲያስለው እኔ እሰማለሁ፤ የእኔ የስፌት መኪና ድንገት ቀጥ ሲል እሱ ይሰማና «አስካለ፣ ክር በጠሰብሽ?» ይለኛል ከአጥሩ ማዶ። ባለፈው ክረምት አረፈ። እስካሁን ክር ሲበጠስብኝ ቀና ብዬ አጥሩን አያለሁ።

ቁመቱ አጭር ነበር፤ እጁ ግን የሌላ ትልቅ ሰው እጅ ተቀጥሎለት የተፈጠረ ይመስል ነበር። ሲያስብ የግራ ጆሮውን ጫፍ ይይዛል። ጣቱ ሁልጊዜ ግራሶ ስለሚነካው ያ ጆሮ ጥቁር ነበር። እሁድ ወደ ጸሎት ቤት ሲሄድ ሁለመናውን ይታጠባል፣ ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ያችን ጆሮ ይረሳል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች በምራቋ እያረጠበች ትጠርግለት ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ ማንም አልነገረው፤ እኔም አልነገርኩት። ልጅ አልነበራቸውም።

ሥራው በስኳር ፋብሪካ ውስጥ ቶርኖ ላይ ብረት መቅረጽ ነበር። መኪና መጠገን መተዳደሪያው አልነበረም፣ ከመኪናዋም ያገኘው ጥቅም የለም። ሌላው ሰው ከሥራ ሲመለስ አልጋው ላይ ጋደም ይላል፤ እሱ ከእሜቴ ሥር ነበር ጋደም የሚለው። ሚስቱ «ቀናሁባት እኮ!» ስትለው፣ ከሥር ሆኖ «አንቺ ዘይት አታፈሺም» ይላታል። ይህ ለእሱ ትልቅ ሙገሳ ነበር።

መኪናዋን ያገኛት ደራ አጠገብ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ነው። የድሮው የእርሻ ባለቤት በአብዮቱ ጊዜ ጥሏት ሄዶ፣ ጎማዎቿ መሬት ውስጥ ሰጥመው፣ ገበሬው የዶሮ ቤት አድርጓት ነበር። ያን ጊዜ አዳማ የጋሪ ከተማ ነበረች፤ ጋሽ ለገሰም ብረት አዋቂ ነውና ሁለት የፈረስ ጋሪ በእጁ ሠርቶ ለገበሬው ሰጠና መኪናዋን ወሰደ። በጭነት መኪና ተጎትታ ስትመጣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

ግቢው ገብታ የኋላ በሯን ሲከፍት አንዲት ቀይ ዶሮ ወንበሩ ላይ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። ከደራ እስከ አዳማ ያን ሁሉ መንገድ ስትንገጫገጭ መጥታ ከእንቁላሏ አልተነሣችም።

«አውጣትና ሥራህን ጀምር እንጂ» አልኩት።

«እንዴት ብዬ? እሷ እኮ ከእኔ በፊት ነው የገባችው።»

ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ድረስ የመኪናዋን አንዲት ብሎን እንኳ አልነካም። ከሥራ ሲመለስ በርጩማውን ይዞ ይወጣና ፊት ለፊቷ ይቀመጣል። ዶሮዋ ታየዋለች፣ እሱ መኪናዋን ያያል። ፀሐይ በተሰበረው የፊት መስታወት ላይ ስታርፍ እሱም፣ ዶሮዋም፣ መኪናዋም አንድ ላይ ያንቀላፉ ይመስላሉ። መጠገኛውን ሁሉ ያሰበው በእነዚያ ቀናት ይመስለኛል፤ እጁ ስላልፈጠነ።

ጫጩቶቹ ሲወጡ በካርቶን አድርጎ፣ እናታቸውን አቅፎ፣ በአውቶቡስ ደራ ሄዶ ለገበሬው መለሰ። እኔ ለእኔ ይሰጠኛል ብዬ ቦታ አዘጋጅቼ ነበር።

«ጎረቤት እያለ ደራ ድረስ?» አልኩት ሲመለስ።

«የተለዋወጥነው መኪናዋን ነው አስካለ። ዶሮዋን አልተለዋወጥንም።»

ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን ነገሩን ስገለብጠው ስገለብጠው እሱ ትክክል ሆኖ አገኘሁት። እኔ በፍርድ ነገር ቀልድ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከእኔ የባሰ እንዳለ አወቅሁ።

ስለ ውሃው ልናገር። የእኛ አገር ውሃ ጥርስ ያበላሻል። እዚህ ተወልደን ያደግን ሰዎች ስንስቅ ከየት እንደመጣን ይታወቃል። ጋሽ ለገሰ ሰው መኪናዋን ሊያይ ሲመጣ ኮፈኗን ከመክፈቱ በፊት ከንፈሩን ገልጦ ቡናማ ጥርሱን ያሳያል። «ይህ ውሃ እኔን እንዲህ ካደረገኝ የእሷን አንጀት ምን ያደርገዋል?» ይላል። ስለዚህ ራዲያተሯ ውስጥ ከዝናብ ውሃ በቀር ጠብታ ገብቶ አያውቅም። ከጣሪያው ጠርዝ በላሜራ የሠራው አሸንዳ ወደ ሦስት በርሜሎች ይወርዳል። ዝናቡንም ያከፋፍለው ነበር። «የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያው ነው፤ ይታጠብበት። ሁለተኛው የእናንተ ነው፤ ቅዱ። ሦስተኛው የእሷ ነው።» እኔ አንድ ጊዜ ከሦስተኛው በርሜል ቀድቼ ጸጉሬን ታጠብኩ። የቀዳሁበትን ጣሳ አጥቦ፣ ጠርጎ፣ በአጥሩ ላይ መለሰልኝ። ከስድብ ይብሳል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ከዳን። በርሜሎቹ ባዶ ሆኑ። ራዲያተሯ ጎድሏልና እሜቴን ከቆመችበት አላነቃነቃትም። ሰው ሁሉ «ጋሽ ለገሰ፣ ከቧንቧ ቅዳና ሂድ!» ብሎ አላገጠበት። እሱ ግን እስከሚቀጥለው ክረምት ከላይዋ ሸራ አልብሶ ጠበቀ። አልፎ አልፎ ሸራውን ጫፉን ገልጦ ሲያያት አየው ነበር፤ የታመመ ሰው የሚጠይቅ ይመስል።

ወንበሮቿን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቆዳው የመጣው ከሞጆ ነው፤ ቆዳ ፋብሪካ የሚሠሩ ሁለት ወዳጆቹ የተረፈ ቁርጥራጭ ሰጡት። የአንዱ ቀላ ያለ፣ የሌላው ጠቆር ያለ። እኔ ቀላ ያለውን ከላይ አድርጌ ጠቆር ያለውን ከሥር ልደብቅ አሰብኩ፤ ስፌት ለዓይን ነውና።

«አይሆንም» አለኝ። «ሁለቱም ከላይ ይታዩ።»

«ዥንጉርጉር ሊሆን ነው እኮ።»

«ይሁና። ሁለት ሰዎች ናቸው የሰጡኝ። አንዱን ከሥር ቀብሬ ሞጆ ላይ ሳገኘው ምን እለዋለሁ?»

እንደ ዳማ ሰሌዳ ከፋፍዬ ሰፋሁት። ያየው ሁሉ ሆን ተብሎ ለውበት የተሠራ ይመስለው ነበር።

ልማዱ እንዲህ ነበር። ሰው መኪናዋን ሲያደንቅ አንድ በአንድ ይቆጥርለታል። «የፊት መስታወቱን አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው ከወደብ ያመጣልኝ። የበሮቹን ጎማ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ የቆረጠልኝ ጎሚስታው ነው። ወንበሩን እሷ ናት የሰፋችው፣ አስካለ፣ ያችውልህ።» በሩቅ በእጁ ይጠቁመኛል፤ እኔም አንገቴን ቀና አደርጋለሁ። ሁሉንም ይጠራና እዚያ ላይ ያቆማል። ሞተሩን ያስነሣው ማን ነው? በመኪና ዕቃ ገበያ የማይገኘውን ብረት ሁሉ ከእረፍቱ ሰዓት ቀንሶ ቶርኖ ላይ የቀረጸው ማን ነው? ይህን አይልም።

«የራስህንስ ስም ለምን አትጠራም?» ብዬ ተቆጥቼው አውቃለሁ።

ጆሮውን ያዘና «እኔማ እዚሁ ቆሜያለሁ፣ ያዩኛል» አለኝ።

ያኔ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። አሁን ቢሆን «ስትሞትስ?» እለው ነበር።

እሜቴ ከተነሣች በኋላ ጋሽ ለገሰ በየእሁዱ ከጸሎት በኋላ ያወጣት ጀመር። «ትተንፍስ» ይላል። ብቻውን ግን አይወጣም። ከሰፈሩ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ይዞ ይሄዳል፤ በእሁድ አንድ ሰው፣ ተረኛው የፈለገው ቦታ። ለዚህ ወረፋ ነበረው። ወረፋውን የሚያውቀው በጭንቅላቱ ነው፤ ማንም ደግሞ ሊያልፍበት አይችልም። ኦርቶዶክስ፣ ጴንጤ፣ ሙስሊም አይልም። ሀብታምም ድሃም አይልም። ኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጥና ልክ ለድሮዎቹ ባለቤቶች እንደሚደረገው በሩን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ አድርጎ ይዘጋል።

አንድ እሁድ ተራው የኦቦ ገመቹ ሆነ። ኦቦ ገመቹ ዓይነ ስውር ናቸው፤ በሰፈሩ ሁሉ የተከበሩ አርሶ አደር ነበሩ። በዚያው እሁድ የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ ሠርግ ነበርና ሁለት ሱፍ የለበሱ ሰዎች መጡ።

«ጋሼ፣ ለሙሽራዋ ነው። ዛሬ ብቻ።»

«ዛሬ የኦቦ ገመቹ ተራ ነው።»

አንደኛው ኦቦ ገመቹን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እሳቸው ምን ያያሉ ብለው ነው?» አለ።

ጋሽ ለገሰ ሲቆጣ ያየሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። አልጮኸም። የሰውየውን እጅ ያዘና ከግቢው እስከ በሩ አስወጥቶ፣ በሩን ዘጋው። ከዚያ ኦቦ ገመቹን ከፊት፣ ከጎኑ አስቀመጣቸው፤ ከእሳቸው በፊትም በኋላም ከፊት የተቀመጠ ሌላ ሰው የለም። መስኮቱን እስከ ታች ዝቅ አደረገላቸው። ሲመለሱ ኦቦ ገመቹ መንገዱን ሁሉ ሲነግሩን አመሹ። እዚህ ጋ አገዳ እየተቃጠለ ነበር። እዚህ ጋ ውሃ አለፍን፤ አየሩ ቀዘቀዘኝ። እዚህ ጋ ከብት ተሻገረ፣ ለገሰ ቆመላቸው፣ እረኛዋ ሴት ልጅ ነች፤ «ነጋ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ፣ በሰላም ግቡ አልኳት። እኛ ዓይን ያለን ያን መንገድ ስንት ጊዜ ሄደንበታል። እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ግን የለም።

የእኔ ተራ ሲደርስ ደራ ነው ያልኩት። የተወለድኩት እዚያ ነው፤ ከብዙ ዓመት ወዲህ አላየሁትም። ከሰዓት በኋላ ወጣን። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የራሴ እጅ በሰፋው ቆዳ ላይ ተቀመጥኩ። የእሜቴ አካሄድ እንደ ሌላ መኪና አይደለም፤ መንገዱን የምትረግጠው አይመስልም። በኋላው መስታወት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ነጭ ክንፋቸውን እያዞሩ እየራቁ፣ እያነሱ፣ የሕፃን መጫወቻ እያከሉ ሄዱ። መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻገርን። ቲማቲም የሚሸጡ ሴቶች ቆመው እጃቸውን አውለበለቡልን፤ እኔም እንደ ባለሥልጣን አውለበለብኩ። ነፋሱ ሞቅ ያለ ነበር። ጋሽ ለገሰ ከሞተሩ ድምፅ ጋር ይስማማ እንደሆነ እንጃ፣ ለራሱ ብቻ በአፍንጫው ያዜማል።

እናቴ አጠገቤ ነበረች። የሽንኩርት ዘንቢሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ከገበያ እንደምትመለስ ሆና፣ በመስኮት ታያለች። ወንበሩን በእጇ ዳሰሰችው፤ ቀዩን ዳሰሰች፣ ጠቆር ያለውን ዳሰሰች፣ ስፌቱ ላይ ጣቷን አቆመች። እኔ ምን ትል ይሆን ብዬ እጠብቃለሁ። መንገዱ ከሥራችን እንደ ውሃ ይፈሳል።

ዓይኔን ስገልጥ መኪናዋ አንድ ግራር ጥላ ሥር ቆማለች። ሞተሩ ጠፍቷል። ፀሐይ ወደ መግቢያዋ ተጠግታለች። ጋሽ ለገሰ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ይዟል።

«ደራ ደረስን?»

«ደርሰን፣ ገበያውን ዞረን፣ ተመልሰናል። አዳማ ቅርብ ናት።»

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«ምን ብዬ? ተራሽ ነው። ብትተኚበትም ተራሽ ነው።»

«ታዲያ ይሄ አይቆጠርም! ደራን አላየሁም እኮ።»

ትንሽ አሰበ። «ይቆጠራል» አለ። «ወረፋው ውስጥ እንደገና ግቢ።»

ልከራከር አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ኦቦ ገመቹ በአንድ ተራ አንድ ጊዜ ነው የሄዱት። ሌላውም እንደዚያው። ስቄ እንደገና ወረፋው ውስጥ ገባሁ። ሁለተኛው ተራዬ ሊደርስ ሦስት ሰው ሲቀረው ጋሽ ለገሰ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ የወንድሙ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ቤቱንም መኪናዋንም ሸጠ። በዚህ አልከራከርም፤ ወራሹ ነው። እሜቴን ጭነት መኪና ላይ ጭነው ሲወስዷት በር ላይ ቆሜ አየሁ። ወዴት እንደምትሄድ ጠየቅሁ፤ «ሆቴል ነው የገዛት፣ ይንከባከቧታል» አሉኝ። ደስ አለኝ።

የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ጓደኞቿ ለምሳ ሆቴል ጠሩን። በሩ ላይ ጥላ ተሠርቶላት፣ በቀይ ገመድ ታጥራ እሜቴ ቆማለች። ልሳለማት ተጠጋሁ። ከአጠገቧ የናስ ሰሌዳ አለ። እኔ ማንበብ የተማርኩት ትልቅ ሴት ሆኜ ነው፤ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ግን የማነበውን አልስትም። ወድቃ የተገኘችውን ይህችን ታሪካዊ መኪና ከሞት አስነሥተው ነፍስ የዘሩባት የሆቴሉ ባለቤት ናቸው ይላል። ከሥሩ ስማቸው ነበር።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምሳውን አልበላሁም።

አንድ ነገር ነው ያስጨነቀኝ። ሰውየው ሳያውቅ ጽፎት ከሆነ፣ ጥፋቱ ስሙን ሳይናገር የሞተው የጋሽ ለገሰ ነው፤ አጠገቡ ቆማ አንገቷን ቀና ታደርግ የነበረችው የእኔም ነው። ያን እነግረዋለሁ፣ ያርመዋል፣ እንታረቃለን። እያወቀ ጽፎት ከሆነ ግን ሰው ሰርቋል። የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ እንቅልፍ የሚወስደኝ አልሆነም።

በማግስቱ ሄድኩ። ዘበኛው ከገመዱ አላሳልፍ አለኝ።

«እማማ፣ መንካት ክልክል ነው።»

«ወንበሩን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«እሺ እማማ። ግን ክልክል ነው።»

«ባለቤቱን ጥራልኝ።»

«ቀጠሮ አለዎት?»

«ጥያቄ አለኝ።»

«ጥያቄ ቀጠሮ አይሆንም፣ እማማ።»

ልጁ ትሑት ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆሜ ሲያየኝ አላስችል ብሎት ወንበሩን ሰጠኝ። ባለቤቱ አልመጣም።

ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ሥራ አስኪያጇ አስገባችኝ። ወጣት ናት፣ ፈገግታ አታጓድልም። ጭማቂ አዘዘችልኝ። ጭማቂውን አልነካሁም።

«እማማ፣ መኪናዋን ካወቋት አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለችኝ። «ለሠርግ ልናወጣት ስንል መንገድ ላይ ፈላችና ቆመች። መካኒኮቹ ራዲያተሯ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ተጋግሯል አሉ።»

«ውሃ ከየት ነው የጨመራችሁት?»

«ከቧንቧ ነዋ።»

ከንፈሬን ገልጬ ጥርሴን አሳየኋት። ደነገጠች። የዝናቡን ነገር፣ የሦስቱን በርሜሎች ነገር ነገርኳት። ይህ ሁሉ የማን ብልሃት እንደሆነም ነገርኳት። በጥሞና ጻፈችው። ከዚያ የአስተያየት መስጫ ወረቀት ሰጠችኝ። በእጄ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። «ለሆቴሉ ባለቤት። መኪናዋን የሠራት አቶ ለገሰ ነው። ሰሌዳውን ሲያስጽፉ ይህን አላወቁም ነበር ወይስ እያወቁ ነው? መልሱን እጠብቃለሁ። አስካለ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ አስኪያጇ ስልክ ደወለች።

«እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ሰሌዳው ተነሥቷል!»

«መልሱስ?»

«ተነሣ እኮ ነው የምልዎት።»

«አንሡልኝ ብዬ አልጻፍኩም። ጥያቄ ነው የጻፍኩት።»

ጎረቤቶቼ «በቃ አሸነፍሽ፣ ምን ቀረሽ?» አሉኝ። የልጅ ልጄ ደግሞ «እማዬ፣ ሰውየውን ልታስለቅሺው ነው እንዴ የፈለግሽው?» አለችኝ። ማስለቀስ አልፈለግኩም። በቡጢ የመታህ ሰው ቁስልህን ጠርጎ ቢሄድ ለምን እንደመታህ አትጠይቀውም?

እሁድ እሁድ ከጸሎት በኋላ እየሄድኩ እሜቴ አጠገብ መቀመጥ ጀመርኩ። ዘበኛው አሁን ሲያየኝ ወንበሩን አስቀድሞ ያወጣል። አላስቸገርኩም፣ አልጮኽኩም፤ ተቀምጬ አያታለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ክንፎቿ ላይ ስታርፍ አንዳንዴ የቆመች አይመስለኝም፤ ሆቴሉ፣ ገመዱ፣ አስፋልቱ ሁሉ ወደ ኋላ እየሄደ እሷና እኔ ወደ ደራ የምንሄድ ይመስለኛል። አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስደኛል። ዘበኛው አይቀሰቅሰኝም።

በአራተኛው እሁድ ዓይኔን ስገልጥ አንድ ሰው ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ደልደል ያለ፣ ሸሚዙን እጅጌውን የጠቀለለ።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ» አለኝ። «እስኪነቁ ብዬ ነው።»

«ነቅቻለሁ።»

«እማማ፣ አዲስ ሰሌዳ አሠርቻለሁ። ስማቸውን አስጽፌያለሁ። የእርስዎንም ስም ማስጨመር እችላለሁ። ምሳም በእኛ በኩል፣ ለመላው ሰፈር...»

«ተመስገን። የሞጆዎቹንም፣ የጎሚስታውንም፣ የሹፌሩንም ጨምር፤ እሱ ቢሆን ይጨምራቸው ነበር። ቀለሟን በቅርብ አሳድሰሃል፤ ያ የአንተ ነው፣ ያንንም ጻፍ። ማንም የሠራውን አይነጠቅ። አሁን ጥያቄዬን መልስልኝ።»

«ስማቸውን አስጻፍኩ እኮ፣ እማማ።»

«ሰማሁ። ሳታውቅ ነበር ወይስ እያወቅህ?»

ወደ እሜቴ ዞረ። አንድ ባጃጅ አልፎ ሄደ፣ ሌላም አለፈ። ሊቆጣ ነው ብዬ ነበር፤ ሊነሣም ነው ብዬ ነበር። አልተነሣም። ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ፣ አሁንም ፊቱን ወደ መኪናዋ እንዳደረገ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰልኝ።

«አውቅ ነበር፣ እማማ። የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።»